ሞጆ ለተመደብሽው ልጄ

የኔ ልጅ፣

ሞጆ ጉምሩክ ተመደብኩ ስትይኝ በስልክ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ አይደለም። የምነግርሽ ነገር በዝቶብኝ ነው።

«ከጉቦ እጅሽን ጠብቂ» የሚልሽ ሰው ሞልቷል። እኔ በዚያ በኩል አልሰጋም፣ ስላሳደግኩሽ አውቅሻለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በ1985 ነው። ሚሌ ኬላ ፈታሽ ሳለሁ የአሰብ ጭነት በዚያ ያልፍ ነበር። በ1990 ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ፣ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። የመኪና ሰልፍ፣ የአፋር ፀሐይ፣ የዲክላራሲዮን፣ የዕቃ ማስታወቂያ ወረቀት፣ ክምር። አንቺ የተወለድሽው ያኔ ነው። ዓይንሽን ያየሁት በሰማንያ ቀንሽ፣ ክርስትና ስትነሺ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በኋላ አሲኩዳ የሚባለው የጉምሩክ ኮምፒውተር ሥርዓት መጣ፣ ሥራው ከወረቀት ወጣ። በ2000 ጉምሩክና ገቢዎች ተዋሃዱ፣ በ2011 ተለያዩ። እኔም የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ።

ያን ጊዜ ነው የሆነው። አንድ ሰው የእንጨት ሥራ ማሽን አስመጣ። ባለሙያዎቼ በታሪፉ፣ ዕቃው በየትኛው የቀረጥ መደብ እንደሚገባ፣ አልተስማሙም። አንዱ ማሽን ነው አለ፣ ሌላው መለዋወጫ ነው ብሎ ቀረጡን ከፍ አደረገው። ፋይሉ እኔ ዘንድ መጣ። እውነቱ ከሰውየው ጋር መሆኑ በሁለተኛው ቀን ገብቶኛል። ግን ብፈርምለት «ስንት በልቶ ነው?» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሥልጣኑ በእጄ እያለ ለበላይ ጻፍኩ። መልሱ 19 ቀን ፈጀ። ሰውየው በየጠዋቱ የቢሮዬ በር ላይ ይቆማል፣ የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል። በመጨረሻ የተወሰነው እኔ ያሰብኩት ነበር። ሊያመሰግነኝ ገብቶ ከስድስት ሠራተኞቹ አራቱን እንዳሰናበተ ነገረኝ። አመሰገነኝ እኮ!

ኦዲት ሲመጣ በዚያ ፋይል አንድም ጥያቄ አልተነሳብኝም። ሳንቲም አልተቀበልኩም። የአራት ሰው እንጀራ ግን በእኔ ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

የምሰጋልሽ ይህን ፍርሃት ነው። የሚያጠራጥር ጭነት ሲመጣ አስከፍተሽ እስከ ታች ፈትሺ፣ ማንም አያስቸኩልሽ። እርግጠኛ ስትሆኚ ግን ምክንያትሽን ጽፈሽ በዚያው ቀን ፈርሚ። ያልተስማማ ቅሬታ የሚያቀርብበት መንገድ በአዋጁ አለ። ፋይል አቆይቶ መሸሸግን አትልመጂ።

የታሪፍ መጽሐፌን ከእናትሽ በርበሬ ጋር ልኬልሻለሁ። ዳር ዳሩን የጻፍኩበት አለ። ብዙው ኮድ ተቀይሯልና ከአዲሱ ጋር እያስተያየሽ ተጠቀሚበት። ቅዳሜ እንጠብቅሻለን።

አባትሽ