የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ውሃ በፀሐይ ማሞቅ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የተጠመደው በአንድ ሥራ ነው፤ የቤት ውሃን በፀሐይ ማሞቅ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው።

ሶላር ሲባል ተማሪዎቹ የሚታያቸው የመብራቱ ፓነል ስለሆነ «ፓነል ገዝተን ቦይለር እንቀጥልበት» አሉ። ሰሌዳ ላይ አሰላነው። 20 ሊትር ውሃ በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ጠንካራ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ታሳርፋለች፤ ፓነል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 20 በመቶ ገደማውን ስለሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ጥቁር የተቀባ ላሜራና ቱቦ በመስታወት ሥር ሆኖ ግማሹን ብቻ ቢይዝ እንኳ በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሳል። ፓነሉ ለአምፖልና ለስልክ ይሁን፤ ለገላ መታጠቢያ ውሃ ግን ብር ማባከን ነው ባይ ነኝ።

ከብየዳው በቀር ላሜራውንና ቱቦውን የሚይዘውን ባለመስታወት ሳጥን የሠሩት ልጆቹ ናቸው። ሙቀቱ ከሥር እንዳያመልጥ የሚጠቀጠቅ ነገር ስንፈልግ፣ ቤተሰቦቿ መሐል ሜዳ የሚኖሩ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንድ ኬሻ የመንዝ በግ ፀጉር ይዛ መጣች። ፀሐይ ሲመታው ግቢው በግ በግ ይሸት ነበር፤ የሰለቸው አልጠፋም።

የሞቀው ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል የተሰቀለው ከሳጥኑ በላይ ነው። የሞቀ ውሃ ስለሚቀል ያለ ፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ወርዶ ይተካዋል። የበርሜሉ ሥር ከሳጥኑ አናት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካላለ ግን ሌሊት ዝውውሩ ተገልብጦ ቀን የሞቀውን ያቀዘቅዘዋል።

ሳጥኑ ወዴት ይዙር ለሚለው ሜዳው ላይ እንጨት ተክለን ቀትር ላይ ጥላውን አየን። ታኅሣሥ ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ወደቀ። ግንቦት ላይ ያው እንጨት አጭር ጥላ ወደ ደቡብ ጣለ። በዓይናቸው እስኪያዩት ያላመኑ ብዙ ነበሩ፤ መምህራንም ጭምር። ሙቅ ውሃ የሚናፈቀው በብርዱ ወራት ስለሆነ ሳጥኑን 25 ዲግሪ ወደ ደቡብ አጋደልነው።

ያስቸገረን ውርጩ ነው። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ማለዳ የታችኛው የቱቦ መታጠፊያ ተሰንጥቆ ተገኘ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ብረቱም አይችለውም። ደግሞም ሰማይ በጠራ ሌሊት ሳጥኑ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሥር ማፍሰሻ ተገጠመ። ተረኛው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት የበርሜሉን ቧንቧዎች ዘግቶ የሳጥኑን ውሃ ያፈሳል። ከረሳ ጥበቃችን ጋሼ ይደውሉልኛል፤ ሲደውሉም ቁጣ አይቀርም።

በወላጆች ቀን አንዲት እናት እጃቸውን ከቧንቧው ሥር አድርገው «ታዲያ ኩበቱ ለማሳው ሊተርፈን ነው» አሉ፤ ቀጥለው ዋጋውን ጠየቁ። ብሩን የሚበላው መስታወቱና ቱቦው ነው። አሮጌ የመስኮት መስታወት ያለው ቤት ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የክረምቱ በረዶ እንዳይሰብረው መስታወቱን ሰኔ ላይ አውርደን ዕቃ ቤት አስገብተናል። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ ብየዳ የሚችል ተማሪ ካለ ሳይመዘገብም ይምጣ።