የሰጠሽኝ ሐረግ እንቡጥ አወጣች

እህትዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ እንዲህ ብዬ ስጀምር እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሌላ መነሻ አጣሁ። ይቅር በይኝ። ለምን እንደጠፋሁ ወደ ታች እነግርሻለሁ፤ አስቀድሜ ግን የቸኮልኩበትን ልበልሽ፦ ሆያዋ እንቡጥ አወጣች! ያቺ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝ ሐረግ።

ቆጠርኳቸው፤ 23 ናቸው። ከአንዲት አጭር ጉጥ ጫፍ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ተበትነው ወጥተዋል። ባለፈው ሳምንት የክብሪት ራስ ነበር የሚያህሉት። ዛሬ ጠዋት ተጠግቼ ሳያቸው ባለ አምስት ማዕዘን ሆነዋል፤ ሮዝ ናቸው፣ ላያቸው ሰም የተቀባ ይመስላል። ብቻዬን ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ችግሩ ግን በወሩ መጨረሻ ቤት ልቀይር ነው። እንቡጥ የያዘች ሆያ ቦታ ስትቀይር እንደምታራግፍ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ያንቺዋ ልታብብ ስትል መጋረጃውን እንኳ አታስነኪንም ነበር፤ እንግዳ ሁሉ በጓዳ በር ነበር የሚገባው። ያኔ "አበባ ከሰው ታስበልጫለሽ" ብዬ አኩርፌሽ ነበር። አሁን ገባኝ። ትናንት ገና ሳልነካት ሁለቱ ቢጫ ሆነው ወድቀው አገኘኋቸው፤ 21 ቀሩ ማለት ነው። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩት፤ እስከ ታች ደርቋል። እንቡጥ ይዛ እንደዚያ መድረቅ አልነበረባትም። ፈርቼ ውሃ ከልክያታለሁ። አሁን የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል ከሥር እስኪንጠፈጠፍ አጠጣትና ሳህኑ ላይ የቀረውን ወዲያው እደፋለሁ።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ... እሺ፣ ልንገርሽ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ትዝ ይልሻል? "የኔዋን በረንዳ ላይ ረስቻት አድራ ብርድ ገደላት፤ ያንቺዋ ስላለች ግን ተጽናናሁ" ብለሽ የጻፍሽልኝ። ያንን ያነበብኩ ቀን የሰጠሽኝ ሆያ እኔ ቤት እየበሰበሰች ነበር።

ቅጠሎቿ ሲጨማደዱ ጠማት ብዬ አጠጣኋት። ሲብስባት ደግሜ አጠጣኋት። እውነትም ጠምቷት ነበር፤ ነገር ግን ሥሯ በረጋ ውሃ ውስጥ አየር አጥቶ ስለበሰበሰ መጠጣት አልቻለችም። በትውልድ ቦታዋ ዛፍ ላይ ተንጠላጥላ፣ ሥሯን ነፋስ እያገኘው የምትኖረውን እኔ ጭቃ ውስጥ ቀበርኳት። ከመትከያዋ ሳወጣት ሥሩ ቡናማ ሆኖ በጣቶቼ መሃል እንደ ረጠበ ወረቀት ተላጠ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። "ደህና ናት" ብዬ መዋሸት አልሆነልኝም፤ "ያንቺም የኔም አለቁ" ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ሆነብኝ። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ሌላ ነገር ጠርጥረሽ ከነበር... ሌላ ምንም የለም፣ እውነቴን ነው።

ከጫፏ በኩል አንድ ጠንካራ ቁራጭ ተርፎ ነበር፤ ሁለት አንጓ፣ አራት ቅጠል። ስቆርጠው ያ ወተት የመሰለ ፈሳሿ ተንጠባጠበ። እስኪደርቅ ጠብቄ፣ የታችኞቹን ሁለት ቅጠሎች አንስቼ፣ አንጓውን ውሃ ውስጥ አቆምኩት። አምስት ሳምንት ገደማ ጠዋት ጠዋት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን እያነሳሁ አየሁ። አንድ ቀን ነጭ ሥር ብቅ አለ። የነቀልኩትን አንዱን ቅጠልም ለብቻው ተክዬው ነበር፤ ሥር ሰዶ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው፣ ሐረግ ግን አልወጣውም። አንጓ ከሌለው አያድግም ለካ። ቁራጩን በትንሽ መትከያ፣ የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪና ፐርላይት የሚባለው ነጭ፣ ቀላል ጠጠር በበዛበት አፈር ተከልኩት። ሥሯ ሲጠብበት ደስ ይላታል ያልሽኝን አልረሳሁም።

በሁለተኛው ዓመት ያንን ቅጠል የሌለውን ረጅም ጅራቷን ስታወጣ የደረቀ መስሎኝ መቀስ አንስቼ ነበር። "እሱን እንዳትነኪ!" የሚለው ድምፅሽ መጣብኝና ተውኩት። ዛሬ እንቡጦቹ ያሉት እዚያው ላይ ነው።

ስሟ ከማን እንደመጣ ታውቂያለሽ? በነዚህ ዓመታት ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የደረስኩበት። ሮበርት ብራውን የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በ1810 እ.ኤ.አ. በቶማስ ሆይ ስም ሰየማት። ሆይ በእንግሊዝ አገር ሳዮን ሃውስ በሚባለው የመስፍን ቤት ዋና አትክልተኛ ነበር። በየመስኮቱ የሚጠራው የመስፍኑ ሳይሆን የአትክልተኛው ስም መሆኑ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

እና ምን ላድርግ? መትከያዋ ላይ ወደ መስኮቱ የዞረውን ጎን በነጭ ክር ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አዲሱ ቤት ስንገባ ያው ጎን ወደ ብርሃን እንዲዞር። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ለስለስ ብሎ ይገባል። መንገዱን ጭኔ ላይ ይዣት ልሂድ፣ ወይስ አብባ እስክትጨርስ እዚሁ ጎረቤት ላቆያት? ሌሊት እየተነሳሁ ይህንኑ ነው የማስበው። እንቡጡ ቢረግፍም ጉጧን ካልቆረጥኩ ከዚያው ላይ መልሳ እንደምታወጣ አውቃለሁ። እኔ ግን የዘንድሮውን ነው የምፈልገው።

አንድ ነገር ደግሞ... ብርጭቆው ውስጥ ሌላ ቁራጭ አለ። ሥሩ ጣት ያህል ደርሷል። ያንቺ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ልልክልሽ እችላለሁ፤ ካላኮረፍሽኝ ግን መጥተሽ ብትወስጂው ደስ ይለኛል። ስትመጪ ማታ ይሁን፣ ሽታዋ የሚበረታው ሲመሽ ነው። ያንቺዋ ያበበች ጊዜ ወለሉ ላይ ያንጠባጠበችውን ማር በጣትሽ ነክተሽ ስትልሺ ያየሁሽን ለማንም አልተናገርኩም።

ቶሎ ጻፊልኝ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚሁ ነኝ።

ያንቺው