የቴሌስኮፕ በጀት በመስተዋት ስፋት ብቻ አይሠራ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በጎንደርና በአካባቢዋ ለምርምር የሚሆን ቴሌስኮፕ ይተከል የሚል ሐሳብ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ መስተዋቱ ስፋት ይሄዳል። ግማሽ ሜትር ይበቃል ወይስ እንደ እንጦጦዎቹ ሁለት ቴሌስኮፖች 1 ሜትር ይሁን? የጥገናው ገንዘብ ከተነሳም የሚነሳው በመጨረሻ ነው። እኛ ክርክሩ ከጥገናው ይጀመር እንላለን፤ ምክንያታችንም ቀላል ሒሳብ ነው።

አዲስ የተቀባ የአሉሚኒየም መስተዋት ከሚያርፍበት ብርሃን 90 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ብርሃኑ ካሜራው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሁለት መስተዋት ስለሚነካ የሚተርፈው 81 በመቶ ነው። አቧራና እርጥበት እያንዳንዱን ወደ 80 በመቶ ካወረዱት ካሜራው የሚያገኘው 64 በመቶ ብቻ ይሆናል። በ1 ሜትር ዋጋ የተገዛው ቴሌስኮፕ አሁን የ89 ሴንቲ ሜትር ሥራ እየሠራ ነው። የተሰበረ ዕቃ የለም፣ ኮምፒውተሩም ምንም አላስጠነቀቀም፤ 11 ሴንቲ ሜትር ግን ጠፍቷል።

ጉዳቱን በዓይን መገመት አይቻልም። የእጅ ባትሪ አግድም ቢያበሩበት ንጹሕ መስተዋት እንኳ ያስደነግጣል፤ ብዙ መስተዋትም ያለ ጊዜው የሚታሸው በዚህ ድንጋጤ ነው። የሚታመነው ሰማዩ ላይ የሚደረግ ልኬት ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አርሎ ላንዶልት ብርሃናቸውን ለክቶ በዝርዝር ያስቀመጣቸው ኮከቦች አብዛኞቹ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ ባለው የሰማይ መስመር) አካባቢ ናቸው። ጎንደር በ12.6 ዲግሪ ሰሜን ስለሆነች እነዚህ ኮከቦች ከአናታችን ብዙ ሳይርቁ ያልፋሉ። በየወሩ ከእነዚህ ኮከቦች አንዱን መስክ በሁሉም ፊልተር (አንድ ቀለም ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ መስታወት) አንስቶ፣ ቴሌስኮፑ ለታወቀ ኮከብ ስንት ኤሌክትሮን በሰከንድ እንደሚቆጥር አስልቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ልኬቱ በ0.2 ማግኒቲዩድ (የኮከብ ብርሃን መለኪያ) ከወረደ 17 በመቶ ብርሃን ጎድሏል ማለት ነው። በወራት ቀስ እያለ ከወረደ አቧራ ነው። በአንድ ሌሊት ወርዶ በማግስቱ ከተመለሰ ሰማዩ ጭጋግ ነበረበት። ወርዶ ከቀረ ግን አቧራው ላይ ጤዛ አርፎበታል። በአንድ ፊልተር ብቻ ከወረደ ደግሞ መስተዋቱን አትንኩ፤ ፊልተሩን አውጥታችሁ እዩት። በቪ ፊልተር ውስጥ የሚገባው ሰማያዊ መስታወት እርጥበት አይችልም፣ ፊቱ ይደበዝዛል።

የእኛን አካባቢ ፈታኝ የሚያደርገው አቧራው ብቻውን ወይም ዝናቡ ብቻውን አይደለም፤ መገናኘታቸው ነው። በበጋ የተጠራቀመ አቧራ የመጀመሪያው እርጥበት ሲያገኘው ጭቃ ይሆንና አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ስለዚህ አቧራው ገና ደረቅ ሳለ መነሳት አለበት። ለዚህ የሚሻለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ነው። ፈሳሹ ከሲሊንደሩ በቀጭን አፍ ሲወጣ ወደ በረዶ ብናኝ ይለወጣል፤ ብናኙም መስተዋቱን ሳይቧጥጥ አቧራውን ይዞ ይወርዳል። ሲሊንደሩ ከታች ፈሳሹን የሚስብ ቱቦ ያለው ይሁን፤ ከላይ ጋዝ ብቻ ከወጣ በረዶ አይሠራም። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ለዚህ ሥራ አይታሰብም፤ ለንጽሕናው ዋስትና ስለሌለ ከውስጡ የወጣ ዘይት መስተዋቱ ላይ ሊቀር ይችላል። ቴሌስኮፑን ወደ አድማስ ዘንበል አድርጎ ከላይ ወደ ታች መንፋት፣ አፉንም አንድ ቦታ አለማቆየት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ ካለፈ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፍ፤ የቀዘቀዘው መስተዋት ጤዛ ይይዛልና። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል፤ በር ከፍቶ፣ ሁለት ሰው ሆኖ መሥራት ግዴታ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በየ2 ሳምንቱ ቢደረግ ዋናው እጥበት በዓመት አንዴ ይበቃል።

እጥበቱ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሮችና ገመዶች በፕላስቲክ ይሸፈናሉ፣ ከመስተዋቱ ሥር የውሃ መውረጃ ይዘጋጃል። ለ1 ሜትር መስተዋት ከ20 ሊትር ያላነሰ የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። መኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የባትሪ ውሃ አሲድ ሊኖረው ስለሚችል አይታመንም፤ ከላቦራቶሪ ይምጣ። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ይፈስበታል፣ ረዘም ላለ ጊዜ፤ አሸዋው መውጣት ያለበት እጅ ሳይነካው ነው። ቀጥሎ በሊትር ጥቂት ጠብታ ሽታና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል፤ የሆስፒታል ጥጥ በውሃው ተነክሮ በራሱ ክብደት ብቻ በመስተዋቱ ላይ ይጎተታል፣ አንድ ጊዜ የተጎተተው ጥጥ ይጣላል። እንደ ምጣድ በማሰሻ ዞር ዞር ማድረግ ግን መስተዋቱን ይገድለዋል። በመጨረሻ በብዙ የተጣራ ውሃ አጥቦ፣ አዘንብሎ ማንጠፍ፤ የቀሩትን ጠብታዎች በጥጥ ጫፍ ማስመጠጥ ነው።

ታጥቦም ልኬቱ ካልተመለሰ ቅቡ አርጅቷል። አሮጌው አሉሚኒየም በኬሚካል ተነስቶ፣ በቫክዩም ክፍል ውስጥ ወደ 100 ናኖ ሜትር የሚጠጋ አዲስ ሽፋን ይቀባል። ለ1 ሜትር የሚሆን ክፍል በየቦታው አይገኝም። በደቡብ አፍሪካ ሳዘርላንድ ያለው ሳልት የተባለው ቴሌስኮፕ 91 ቁራጭ መስተዋቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ያህል ሲሆኑ በተራ እየተነሱ እዚያው ይቀባሉ። የእኛ ዓይነት ቦታ ግን መስተዋቱን አሽጎ መላክ አለበት። ስለዚህ የማሸጊያው ሣጥን፣ የማንሻው ሰንሰለትና የጉምሩክ ወረቀቱ ቴሌስኮፑ ሲገዛ አብረው ይታሰቡ። ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል መስታወት በሰው ትከሻ አይወርድም።

ስለ ማሻሻል ስናነሳ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ካሜራ ነው፤ ትክክልም ነው። ሲሲዲ የተባሉትን የቆዩ የካሜራ ሴንሰሮች ሶኒ ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ መለዋወጫቸው እየጠፋ ስለሆነ መተኪያው ሲሞስ የተባለው አዲሱ ዓይነት ሴንሰር ነው። ሆኖም ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ሲሞስ ካሜራዎች ፒክስላቸው ደቃቅ ነው። የትኩረት ርዝመቱ 8 ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ 3.76 ማይክሮ ሜትር ፒክስል የሚያየው 0.1 አርክ ሰከንድ ያህል ነው (አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው)። አየሩ ኮከቡን ወደ 2 አርክ ሰከንድ ካሰፋው አንድ ኮከብ በጎን 20 ፒክስል ላይ ይዘረጋል፤ ለዝርዝሩ የተከፈለው ገንዘብ ምንም አልገዛም። መፍትሔው ፒክስሎቹን 4 በ4 መደመር ነው። በሲሞስ ድምሩ የሚሠራው ከንባብ በኋላ ስለሆነ የንባቡ ኖይዝ (ሴንሰሩ ሲነበብ የሚጨመረው ስህተት) በ4 ይባዛል፤ 1.5 ኤሌክትሮን የነበረው 6 ይሆናል። ካሜራው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ለሚያነሳው ምስልና ለፎቶሜትሪ (ለብርሃን መጠን ልኬት) ይህ አይጎዳም፤ ብርሃኑ በየቀለሙ ለተበተነበት ስፔክትሮግራፍ ግን ይጎዳል። ድምሩ ማከማቻም ይቆጥባል፤ ባለ 61 ሚሊዮን ፒክስል ምስል ሳይደመር 122 ሜጋ ባይት ሲሆን ከተደመረ በኋላ 8 እንኳ አይሞላም። በእኛ ኢንተርኔት ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሴንሰሩ ብርሃን ሳይነካው በሙቀት ብቻ የሚፈጥረው ሐሰተኛ ምልክት ሙቀቱ በ6 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከ20 ዲግሪ ወደ ዜሮ በታች 20 ማውረድ መቶ እጥፍ ያህል ይቀንሰዋል። የአምራቹን ወረቀት ግን እንዳለ አትመኑ። በጎንደር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ አምስት እጁ አራት ያህል ብቻ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ማቀዝቀዣው ከ80 በመቶ በላይ ኃይል ሳይወስድ የሚደርስበትን ሙቀት መምረጥ ይሻላል። የካሜራው መስኮት ከደበዘዘ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ የሚለውን ለይቶ ማወቅ ይቀድማል። ለብ ያለ ደረቅ አየር ሲነፋበት ከጠፋ የውጭ ጤዛ ነው፣ የመስኮት ማሞቂያ ይበቃዋል። ካልጠፋ ውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ፣ ሲሊካ ጄል፣ ጠግቧል፤ ሰማያዊው ወደ ሮዝ፣ ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ተቀይሮ ይገኛል። በ110 እና በ120 ዲግሪ መካከል፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ማድረቅ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የጎማ ቀለበቱም ይቀየር፤ አሮጌ ቀለበት መልሶ ማሰር ሥራውን በክረምት ያስደግማል።

ምስል ላይ የቀለበት ጥላ ሲታይ ሁሉንም ነገር ፈትቶ መጥረግ የተለመደ ነው፤ አያስፈልግም። ጥላው የአቧራ ብናኝ ነው፤ ስፋቱ በቴሌስኮፑ የኤፍ ቁጥር (የትኩረት ርዝመቱ ለመስተዋቱ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው) ሲባዛ ብናኙ ከሴንሰሩ ያለውን ርቀት ይነግራል። በኤፍ 8 ቴሌስኮፕ ላይ 1.8 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቀለበት ከሴንሰሩ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ብናኝ ነው፤ ምናልባት የካሜራው መስኮት ላይ። ከዚያ የሚጠረገው እሱ ብቻ ነው።

ቴሌስኮፑን ይዞ ከሰማዩ ጋር ስለሚያዞረው መሸከሚያ አንድ ነገር ከግዢ በፊት መታወቅ አለበት። ዘንጉ ከአድማስ የሚነሳው በቦታው ኬክሮስ ልክ ነው። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ታስበው የሚሠሩ ብዙ መሸከሚያዎች ዘንጋቸው እስከ 12.6 ዲግሪ ዝቅ አይልም፤ ዝቅ ቢልም ሚዛን መጠበቂያው ብረት ምሰሶውን ይመታል። ሰሜን ኮከብም እዚህ ለአድማስ ስለሚቀርብ አየሩ ብርሃኑን አጥፎ ከ3 አርክ ደቂቃ በላይ ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። ዘንጉን በእሱ ብቻ ማስተካከል ከመነሻው ስህተት መያዝ ነው፤ በሰማዩ ሁሉ የተበተኑ ኮከቦችን ለክቶ ስህተቱን በሶፍትዌር ማስላት ይገባል። ካሜራ በተቀየረ ቁጥርም ሚዛኑ እንደገና ይስተካከል። ማርሽና ኩሽኔታ በዓመት አንዴ አሮጌው ግሪስ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ በአዲስ ይተካ፤ አቧራ በገባበት ላይ መጨመር ማርሹን ይሞርደዋል። የካሜራ ማገናኛ ቀለበትና ሚዛን ብረት በከተማችን ቶርኖ ቤቶች በደንብ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ፊቶች ትይዩ መሆናቸው ማይክሮ ሜትር በሚባለው መሣሪያ ይለካ እንጂ። ዋናው የመንጃ ማርሽ ግን ከአምራቹ ሌላ ቦታ አይሞከርም።

መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ የኃይል መሣሪያው) ጉልላቱን መዝጋት ከቻለ በቂ ነው፤ ምልከታውን ማስቀጠል የሱ ሥራ አይደለም። የጉልላቱ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ የራሱ ባትሪ ይኑረው፣ የእጅ ማዞሪያውም በየወሩ ይሞከር። ለመብረቅ፣ ከጉልላቱ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚሄደው መስመር መዳብ ሳይሆን ፋይበር ይሁን። ኧርዙ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) የሚለካው አፈሩ በሚደርቅበት በመጋቢት ነው። በሐምሌ የሚገኘው ጥሩ ቁጥር የዝናቡ ነው።

ክረምቱ ራሱ ለጥገና የተሰጠ ጊዜ ነው። መስተዋቱ ለቅብ የሚላክ ከሆነ በሰኔ መጀመሪያ ወጥቶ በጥቅምት ይመለስ፤ የሚባክን ሌሊት አይኖርም። በመሐሉ ግሪሱ፣ የጉልላቱ ጎማና ኮምፒውተሩ ይሠራሉ። ለዚህ ግን ከተመራማሪዎቹ እኩል ቋሚ ደመወዝ ያለው አንድ ቴክኒሽያን ያስፈልጋል፤ በውሎ አበል የሚመጣ ሰው መዝገብ አይጠብቅም።

ወደፊት ጨረታ የሚያወጣ ተቋም ካለ አቅራቢዎቹ በጽሑፍ እንዲመልሱ ያድርግ። መስተዋቱ የት፣ በማን፣ በስንት ብር ይቀባል? መሸከሚያው በ12.6 ዲግሪ ይሠራል? የትኞቹ ሞተሮችና የመቆጣጠሪያ ካርዶች ከቴሌስኮፑ ጋር በመለዋወጫነት ይመጣሉ? ይህን ያልመለሰ አቅራቢ 1 ሜትር ቀርቶ 2 ሜትር ቢያቀርብ መውደቅ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የኦፕቲክስና የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያዎች፣ ከጎንደር