አልሚ፣ ናቲ ኮሪያ ሊሄድ ነው

ውዴ አልማዝ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ደሴስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጥፋቴን ይቅር በይኝ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር እየጨነቀኝ ነው የቆየሁት። አንቺም ብትሆኚ አልደወልሽም፤ እሱን ስትመጪ እንነጋገራለን!

ዛሬ የምጽፍልሽ ናቲ ሶል ነፃ የትምህርት ዕድል ስላገኘ ነው። ከሰማሁ ጀምሮ አንዴ እልል እላለሁ፣ አንዴ አለቅሳለሁ። አባባ ጠመንጃ ይዘው የዘመቱበት አገር ልጄ ሊማር ሲሄድ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ባለፈው እሁድ አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ወሰድኩት። ስለ አባባ ሁሉንም ነገርኩት። ስለዚያ ከባድ ካፖርት፣ ብርድ ስለጎዳቸው ጣቶቻቸው፣ በክረምት ሲያማቸው እንዴት በሙቅ ውሃ እንደምናሽላቸው። ዝም ብሎ ሰማኝና «ጦርነቱ ታዲያ መቼ አለቀ?» አለኝ። በሐምሌ 1945 ተኩስ አቆሙ እንጂ እስከ ዛሬ የሰላም ውል አልፈረሙም ስለው ደነገጠ። «እንዲህ ሀብታም ሆነው?» አለ።

አልሚ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሶል ከሰሜን ኮሪያ ድንበር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከመስቀል አደባባይ ቢሾፍቱ ደርሶ እንደ መመለስ እንኳ አይሆንም። ስልክና መኪና ለዓለም የሚሸጥ አገር ወንዶች ልጆቹን አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወታደር ያደርጋል። ያ ሁሉ ሀብት ከዚህ አላዳናቸውም።

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን የምንከራከረው ትዝ ይልሻል? አንቺ «ሰው ከጠገበ ለምን ይዋጋል?» ትዪ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ በሆዴ እስማማ ነበር፤ አንቺን ማናደድ ደስ ስለሚለኝ ነው የምሞግትሽ። ዛሬ ግን ከልቤ አልስማማም።

እስቲ ስሚኝ። በፈረንጆቹ 1914 አውሮፓ ሀብታም ነበረች። እንግሊዝና ጀርመን እርስ በርስ ትልልቅ ደንበኞች ነበሩ። ንግዱ ይይዛቸዋል ያለው ሰው ብዙ ነበር፤ አልያዛቸውም። የእኛስ? በ1928 ጣሊያን ሲመጣብን እንግሊዝና ፈረንሳይ ገንዘብም ጉልበትም ነበራቸው። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን አልነካም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቀረ። ጃንሆይ ጄኔቭ ድረስ ሄደው አቤት አሉ፤ የደረሰልን የለም። ስድስት ኪሎ በሐውልቱ ሳልፍ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሀብታሞቹ የሚሳሱለት ሰላም የራሳቸው ብቻ ነበር።

ድህነትም አያስታርቅም። ባድመ ላይ የተላለቅነው ሁለት ድሃ አገሮች ነን። ከዚያ ደግሞ ዓመት በዓመት አደግን፣ ከተማው በክሬን ተሞላ። በጥቅምት 2013 ምን እንደመጣ ታውቂዋለሽ። ደሴ ላይ ያየሽውን ለአንቺ አልነግርሽም። አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም… ፈርቼ ነው። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።

ተስፋ የሚሰጠኝ ምን መሰለሽ? በሚያዝያ 1943፣ ልክ ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሊዘምት ከአዲስ አበባ በተነሳበት ወር፣ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ከሌሎች አራት አገሮች ጋር ፓሪስ ላይ ውል ፈረሙ። የድንጋይ ከሰላቸውንና ብረታቸውን በጋራ አመራር ሥር አደረጉ። መድፍና ታንክ የሚሠራው በዚያ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተደብቆ መታጠቅ እንዳይችል ነው። ያን ጊዜ ገና ከፍርስራሽ እየወጡ ነበር። ዛሬ የምናየው ሀብታቸው አብዛኛው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ሀብቱ ውሉን አጠነከረው እንጂ አልወለደውም። እኔ አሁን የማምነው ይህን ነው። ሁሉም አገር ቢበለጽግ እንኳ እጁን የሚይዝ ውል ከሌለ፣ በትርፉ የሚገዛው የተሻለ መሣሪያ ነው። ናቲ ይህን ተምሮልኝ ቢመጣ እንዴት ደስ ባለኝ! ምህንድስናውም ይቅርብኝ እላለሁ፤ አባቱ እንዳይሰማ።

አሁን ወደ ልመናዬ። አባባ በረዶ ላይ ቆመው የተነሱት፣ ፒያሳ ሳሎናችሁ ውስጥ የነበረው ፎቶ አንቺ ጋ ነው አይደል? ቤቱ ሲፈርስ መጀመሪያ ያወጣሽው እሱን ነው ብለውኛል። በስልክ አንሺና ላኪልኝ። ዋናውን አልጠይቅሽም፣ እዚያው ይሁን። ናቲ ሶል ደርሶ ለሚያገኛቸው ሰዎች ማሳየት ይፈልጋል። ከኋላው አባባ የጻፉት ነገር ካለም እሱንም አንሺልኝ።

በረራው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ቀደም ብለሽ ብትመጪ… አላስገድድሽም። ብቻ አልጋ አለ፣ ክፍሉም የብቻሽ ነው። ቲኬት ከቆረጥሽ ደውዪልኝ፤ አውቶቡስ ተራ መጥቼ እቀበልሻለሁ።

ያንቺው ሰናይት