ከቱሉ ዲምቱ፣ ስለ ጭቃው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔም እናትሽም ወንድምሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ቤት ኪራይሽና በልተሽ እንደሆነ ጠይቄሽ ዘጋሁት። አፌ አልታዘዝ ሲለኝ ወረቀት አነሣሁ። ወንድምሽ ሐሙስ ወደ አንቺ ሲመጣ ይሰጥሻል።

ታኅሣሥ ላይ መጥተሽ «አባዬ፣ የእግርህን ቅርጽ በጀሶ ልውሰድ» ስትዪኝ የመለስኩልሽን አልረሳሽውም። እኔም አልረሳሁትም። «ከጭቃ ያወጣሁሽ ተመልሰሽ ጭቃ እንድታቦኪ ነው?» አልኩሽ፣ ያውም ጎረቤት ቡና ሊጠጣ በተሰበሰበበት። ምንም አላልሽኝም። ጀሶሽን በፌስታል ጠቅልለሽ፣ እናትሽን ስመሽ ወጣሽ። በመስኮት እያየሁሽ ሚኒባሱ ጋ እስክትደርሺ ድረስ ልጠራሽ ፈልጌ አልጠራሁሽም።

ልጄ፣ የተቆጣሁት በአንቺ አልነበረም። እግሬ አሳፈረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጭቃ የረገጠ እግር ቢታጠብም አይጠራም፤ የተረከዙ ንቃቃት ውስጥ የገባው አፈር እዚያው ይቀራል። አንድ ቀን ከካራ ሥራ ውዬ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እግሬን አይታ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ነጠላዋ ነጭ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሰው ፊት ሰንደል ጫማ አድርጌ አላውቅም። ለወላጆች ቀን ትምህርት ቤትሽ ስመጣ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ካልሲና ሽፍን ጫማ አድርጌ የምመጣው ለዚህ ነበር። ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ወንድምሽ በቴሌግራም የላክሽለትን ፎቶ አሳየኝ። ከጭቃ የሠራሻቸው፣ ከጉልበት በታች ብቻ የሆኑ፣ የሰው ቁመት የሚያክሉ ሁለት እግሮች። አንደኛው ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ተሰንጥቆ ግማሹ ወርዷል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ስንጥቁን አይደለም። የግራው እግር ትንሿ ጣት በጎረቤቷ ላይ ተኝታለች። ስልኩን ተቀብዬ አሰፋሁት። የእኔ ጣት ናት። ጀሶ ሳትይዢ፣ ሳትለኪ፣ በዓይንሽ ይዘሽው የሄድሽው ነው። ያንን እግር ማንም ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም ብዬ ነበር የምኖረው።

ማግስቱን መካኒሳ ሄድኩ፣ ዞማ ሙዚየም። ስለ አርቲስቱ ኤልያስ ስሜ ስትነግሪኝ፣ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ እየጎነጎነ ትልልቅ ሥራ እንደሚሠራ፣ እኔ በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማሽ። ከሙያ አጋሩ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የከፈቱት ቦታ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ መሆኑንም ነግረሽኝ ነበር፤ እሱን ደግሞ አላመንኩሽም። ማን ሙዚየም በጭቃ ይሠራል? ገብቼ ግድግዳውን በመዳፌ ዳበስኩት። ጭቃ ነው። እኔ የማውቀው ጭቃ፣ ግን እንደ ጥልፍ የተሠራ፣ እየዞረ እየተጠማዘዘ የሚሄድ። አጠገቤ አንድ ወጣት ፎቶ ያነሣል። እኔ ደግሞ እንደ ሙያተኛ ጥጉን ጥጉን አያለሁ፤ የመራጊ እጅ የሚታወቀው በጥጉ ነው። ብዙ ቆየሁ። ሰው እየከፈለ ገብቶ የሚያየው ጭቃ እንዳለ ባውቅ ኖሮ ያን ቀን እንደዚያ አልመልስልሽም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።

አሁን ወደ እግሮቹ ልምጣ፤ የምረዳሽ እዚህ ላይ ነውና።

የተሰነጠቁት እጅሽ ደክሞ አይደለም። አፈሩን ከየት እንዳመጣሽው ወንድምሽን ብጠይቀው፣ ከቤታችን ጀርባ ለመሠረት ከተቆፈረው ነው አለኝ። እሱ ዋልካ ነው! ክረምት ጫማሽ ላይ ተለጥፎ የሚከብድሽ፣ በጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መሬቱን ራሱን የሚሰነጥቅ አፈር ያንቺን ሥራ አይምርም። ከአቃቂ ወዲህ እስከ ኮየ ፈጬ ያለው ሜዳ አብዛኛው ይኸው ነው። እኔ ዕድሜዬን የሠራሁት ካራና ኮተቤ፣ በእንጦጦ ሥር ባለው ቀይ አፈር ነው። እሱ ለእጅ ይታዘዛል። ስትመርጪ እንቁላል የሚያህል አድቦልቡለሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ከተሰነጠቀ አሸዋ ጨምሪበት። በጣትሽ ስትጫኚው ከተፈረፈረ ደግሞ አሸዋው በዝቷል።

ሁለተኛው፣ አቡክተሽ በማግስቱ ነው የመረግሽው። ጭቃ መሰንበት አለበት። የጤፍ ጭድ ነስንሰሽ፣ ውኃ አጠጥተሽ፣ ሸፍነሽ ተዪው፤ በየሁለት ቀኑ ርገጪው። በሳምንቱ መሽተት ይጀምራል። ሽታውን አትጥዪው፤ ጭዱ እየበሰበሰ የሚለቀው ልጋግ ነው ጭቃውን እርስ በርሱ የሚያያይዘው። እኛ አሠሪ ሲያቻኩለን «ገና አልሸተተም» ብለን ነበር የምንመልሰው።

ሦስተኛው ውስጡ ያቆምሽው የፌሮ ብረት ነው። በባዶው ላይ መርገሽበታል። ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ፌሮ አይሰበሰብም፤ ሲሳሳቡ የሚቀደደው ጭቃው ነው። በቤት ላይ ማገር የምንመታው ለምን ይመስልሻል? ከውጭ የተመረገውና ከውስጥ የተመረገው በማገሩ መሐል ገብተው እንዲጨባበጡ ነው። ፌሮው የሥራሽ አጥንት ከሆነ አታውጪው፤ ቃጫ ጆንያ ቀደሽ ጠምጥሚበት፣ በላዩ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ጭራሮ በሲባጎ እሰሪ። የመጀመሪያው ምርጊት ሻካራ ይሁን። እሱ ደርቆ የሚሰነጠቀውን ይሰንጠቅ፤ ከዚያ ውኃ ረጭተሽ ሁለተኛውን ስስ አድርገሽ ደርቢ። ፀሐይ ላይ አታድርቂው፣ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል።

ፌስታሉንም አይቻለሁ፣ በጭድ ፋንታ እየቀደድሽ የጨመርሽውን። መጀመሪያ አልወደድኩትም። ሌሊት ተኝቼ ሳስበው ግን ገባኝ መሰለኝ፤ ዛሬ አንድ ሰው እዚህ ሰፈር ጭቃ ሊያቦካ ቢገባ እግሩ ሥር የሚያገኘው ፌስታል ነው። ስለዚህ አስቀሪው አልልሽም። ግን ፌስታል ውኃ አይጠጣም፣ ጭቃው አይይዘውም፣ ሾልኮ ይወጣል። እንደ ሹሩባ ጎንጉኚው፣ ቋጠሮ አብዢበት፣ ጭዱንም አብረሽ ጨምሪ። ጭዱ ይይዛል፣ ፌስታሉ ይታያል። ከዚህ በላይ እኔ አላውቅም፤ ሞክረሽ አንቺ ንገሪኝ።

ፌስታል ፍለጋ ግን ቆሼ እንዳትሄጂ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተ ቀን አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ እኔ ግን ያን ምሽት ሬዲዮ ስሰማ የነበርኩበትን ቦታ ሁሉ አስታውሳለሁ። ፌስታሉን እኛ ሰፈር እንሰበስብልሻለን፤ ወንድምሽ ከአሁኑ አንድ ጆንያ ሞልቷል።

ቀዩን አፈር ከካራ አስመጥቻለሁ፣ አራት ማዳበሪያ። ጭዱን እናትሽ ከአቃቂ ገበያ ገዛች። ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሬ ነክሬዋለሁ፤ ቅዳሜ አሥረኛ ቀኑ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። ጎረቤት ምን እየሠራችሁ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ «የልጄ ሥራ ነው» አልኩት።

ቅዳሜ በጠዋት ነይ። ጭቃውን እኔ እረግጠዋለሁ፣ አንቺ እዪ። ጀሶሽን አትርሺ። እናትሽ ጀሶው የእግሬን ፀጉር እንዳይነጭ ብላ ቫዝሊን ገዝታ አስቀምጣለች። በግራው ጀምሪ።

አባትሽ