ክብርት ሚኒስትር፣ ዊዳልን ከምርመራ ወረቀቱ ላይ ያንሱልን

ለጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት

ክብርት ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በሰሜን ምዕራብ የአገራችን ክፍል በጤና ጣቢያም በግል ክሊኒክም ሠርቻለሁ። እስካሁን በእጄ ካለፉት ምርመራዎች እንደ ዊዳልና ዌል ፊሊክስ (የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራዎች) የበዛ ያለ አይመስለኝም። ትኩሳት ያለው ሁሉ ይታዘዝለታል። ራሱን የሚያመው፣ ወገቡን የሚቆርጠው፣ ምግብ አልበላ ያለው ሁሉ። ብዙዎቹ ቤት ሲደርሱ "ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ" ይላሉ። ሁለቱ በሽታዎች በአገራችን መንታ ሆነው ቀርተዋል። አንዱ በተበከለ ምግብና ውሃ፣ ሌላው በሰውነት ቅማል ነው የሚመጣው። ስማቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ልጅ ነው። ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ነበር። ዕድሜው ሃያ ቢሞላው ነው። ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት መጣ። ወባ አየሁለት፣ የለም። ዊዳል ታዘዘ፣ ሠራሁ። ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከሪኤጀንቱ (ከመመርመሪያው ፈሳሽ) ጋር ሲገናኝ ወዲያው ተቋጠረ፤ "ታይፎይድ አለ" የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ውጤቱን ጻፍኩ፣ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘለት፣ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ያው ምርመራ፣ ያው ውጤት። በዚህኛው ዙር ሴፍትሪያክሶን የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ወጋነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ክንዱ ከስቶ ነበር። በግራ በኩል ሆዱ ግን ተወጥሯል። አንዲት ነርስ አስተኝታ ዳሰሰችውና "ይሄ እኮ ጣፊያው ነው" አለች። ወደ ጎንደር ላክነው። ካላዛር ነበር።

ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ነው። ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ ለሥራ የሚወርዱ ወጣቶችን በየዓመቱ የሚይዝ በሽታ መሆኑን እዚህ አካባቢ የምንሠራ ሁላችንም እናውቃለን። እናውቃለን፣ ግን ያ የተቋጠረ ሴረም ዓይናችንን ጋረደው። ልጁ የ17 ቀን መርፌውን ጨርሶ ድኗል። ቤተሰቡ ግን ለኔ ሁለት ምርመራዎችና ለማያስፈልገው መድኃኒት በግ ሸጧል። ሁለቱንም ውጤት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ለምን ተቋጠረ? ዊዳል ባክቴሪያውን አያሳይም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣው ምርመራ ነው። የሚፈልገው አንቲቦዲ ነው፣ ሰውነት ወራሪን ለመመከት የሚሠራውን። በነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ጠብታ ሴረምና አንድ ጠብታ የሞተ ባክቴሪያ አቀላቅለን ለአንድ ደቂቃ ያህል እናወዛውዛለን። እንደ አይብ ከተቋጠረ "አለ" እንላለን። ነገር ግን ከዓመታት በፊት ታይፎይድ የያዘው ሰው አንቲቦዲው ሊቆየው ይችላል። የታይፎይድ ዘመድ የሆኑ ሌሎች የሳልሞኔላ ባክቴሪያዎችም ተመሳሳይ አንቲቦዲ ያስነሳሉ። ወባም ያሳስታል። ካላዛር ደግሞ ሰውነትን ዓይነቱ የበዛ አንቲቦዲ እንዲያመርት ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለ ደም ብዙ ነገር ላይ ይቋጠራል። የዚያ ልጅ ሴረም የተቋጠረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዌል ፊሊክስ ከዚህ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 የወጣ ነው፤ የታይፈስን ጀርም እንኳ አይጠቀምም። የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ በአጋጣሚ የሚመሳሰል ነገር ስላላቸው። ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት አንዱ ነው። ስለዚህ ሽንቷ የሚያቃጥላት እናት "ታይፈስ" ተብላ ልትሄድ ትችላለች። ቅማል የሚባል ነገር ቤቷ ዝር ሳይል።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ270 ትኩሳት ባለባቸው ታካሚዎች ላይ ዊዳልንና የደም ካልቸርን (ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያሳየውን ምርመራ) ያነጻጸረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። በዊዳል 88 ሰዎች ታይፎይድ እንዳለባቸው ተጠቆመ። በካልቸር ታይፎይድና ዘመዱ ፓራታይፎይድ ተደምረው የተገኙት 11 ሰዎች ላይ ነው። ከነዚህም ታይፎይድ ያለባቸውና ዊዳልም የጠቆማቸው 5 ብቻ ናቸው። ዊዳል "አለብህ" ካላቸው መቶ ሰዎች ውስጥ በእርግጥ ታይፎይድ ያለባቸው ስድስት አይሞሉም ማለት ነው። እኔ እነዚህን ቁጥሮች ካነበብኩ ወዲህ ያንን ሰሌዳ ባነሳሁ ቁጥር የቀሩት ዘጠና አራቱ ይታዩኛል። ምን ነበር ያመማቸው? ቲቢ? የግርሻ ትኩሳት? ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2013 ያመሳት፣ በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ?

ታይፎይድ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ አንጀት በስቶ ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው በትክክል መለየት ያለበት። ዛሬ በየሳምንቱ ወደ ላይ ከምንልካቸው የበሽታ ሪፖርቶች ታይፎይድና ታይፈስ ይገኙበታል። ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ እኔ ልንገርዎ፦ ከነጩ ሰሌዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በሽታው ለሚበዛባቸው አገሮች መክሯል። ክትባቱ የት ወረዳ ይቅደም ቢባል በዚህ ቁጥር መወሰን ይቻላል?

መድኃኒቱም ያሳስበኛል። በፓኪስታን ሲንድ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሲፕሮንም ሴፍትሪያክሶንንም የተላመደ ታይፎይድ ተነስቷል። በአፍ ከሚወሰዱት የቀረላቸው አዚትሮማይሲን ነው ማለት ይቻላል። እኛ እነዚህኑ መድኃኒቶች ታይፎይድ ለሌለበት ሰው በየቀኑ እየሰጠን ነው።

ክብርት ሚኒስትር፣ የምጠይቅዎ አንድ ሰርኩላር ነው። በአንድ የስላይድ (የሰሌዳ) ዊዳል ወይም ዌል ፊሊክስ ውጤት ማንም ታካሚ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ አለብህ እንዳይባል፣ ሁለቱም ከጤና ጣቢያና ከክሊኒክ የምርመራ ወረቀት ላይ እንዲነሱ የሚያዝ። ይህ ከላይ ካልመጣ ከታች አይሆንም። ምርመራው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለግል ክሊኒክ ገቢ ነው። ታካሚውም የበሽታውን ስም ሰምቶ መውጣት ይፈልጋል። እኔ ብቻዬን "አልሠራም" ብል ቀጣዩ በር ላይ ይሠራለታል።

"በምን እንተካው?" እንደምባል አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የደም ካልቸር ነው፣ እሱም ፍጹም አይደለም። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፤ ከታማሚዎቹ የሚይዘው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡትን ነው። በየጤና ጣቢያው ይከፈት ብዬም አልጠይቅም፣ አይቻልም። ነገር ግን የቲቢ አክታን ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ በፖስታ እስከ ማጓጓዝ ደርሰናል። የካልቸር ጠርሙስ ደግሞ ደም ከገባበት በኋላ ፍሪጅ አይፈልግም፤ እንዲያውም አይገባም። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደሙን እኛ ቀድተን፣ በአቅራቢያ ያለ ሆስፒታል ቢያሳድገው ያስኬዳል። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የመድኃኒት መላመድን የሚከታተልባቸው ላቦራቶሪዎች አሉት፤ ከነሱ መጀመር ይቻላል። እስከዚያው ድረስ ወባን በደንብ ማየት፣ ሆድ መዳሰስ፣ "የት ከርመህ መጣህ?" ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ያን ልጅ ያዳነችው ሪኤጀንት አይደለችም። የነርሷ እጅ ነች።

ልጁ ዘንድሮም መተማ ወርዷል። ሌላ ሥራ የለውም። ከመሄዱ በፊት ሰላም ሊለኝ ብቅ ብሎ ነበር። ትኩሳት ይዞት የሚመለስ ጓደኛው መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የምርመራ ወረቀት ግን አልተለወጠም፤ ከወባ ቀጥሎ ያለው መስመር ዊዳል ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ