ውሻ ቤት አይገባም ያልኩሽ ቀን

ጥቅምት 24፣ ሴንት ፖል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ባልሽስ? እኛ ደህና ነን፤ ከጉልበቴ በቀር። ጉልበቴን ደቡብ ዳኮታ ሣር ውስጥ ትቼው መጥቻለሁ።

በስልክ "አደኑ እንዴት ነበር?" ስትዪኝ "ጥሩ ነው፣ ይበርዳል" ብዬ ዘጋሁብሽ። እናትሽ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ልነግርሽ ያሰብኩትም በስልክ የሚሆን አይደለም። ከረዘመ ታገሺኝ። ያልገባሽ ቃል ካለ አስምሪበት፣ ስትመጪ እነግርሻለሁ። ለቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት የከፈልኩትን ገንዘብ በዚህ ነው የማስመልሰው።

እውነቱን ለመናገር አማትሽ ለወፍ አደን ሲጋብዙኝ እሺ ያልኩት በይሉኝታ ነው። ሁለት ዓመት ሰበብ ስደረድር ከረምኩ፤ ዘንድሮ ሰበብ አለቀብኝ። ጠመንጃ እንደማልይዝ አስቀድሜ ነገርኳቸው። "መራመድ ብቻ በቂ ነው" አሉኝ። መራመድ ብቻ! ያን ቀን ስንት ማይል እንደሄድን ስልኬ ሲነግረኝ ተሳስቷል ብዬ ነበር።

ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ከመኪናው ኋላ ሁለት ውሾች አሉ። ሩቢ ጀርመን ሾርትሄር የሚባለው ዘር ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አገጯ ሸብቷል፣ ጨዋ ናት። ጋስ ጥቁር ላብራዶር ነው። ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ያልተገራ ጎረምሳ። 400 ማይል ግድም አንገቴ ሥር ሲተነፍስብኝ መጣ። እኔም 400 ማይል ሙሉ ወደ መስኮቱ ተጠግቼ ተቀመጥኩ።

መንገድ ላይ አማትሽ ያልታረሰ ማሳ እያሳዩ፣ መንግሥት ለገበሬው በየዓመቱ እየከፈለ መሬቱን ለ10 ወይም ለ15 ዓመት ሣር እንዲያለብሰው እንደሚዋዋል ነገሩኝ። ከ1985 ጀምሮ እንዲህ ነው አሉኝ። እስቲ አስቢው፣ ተከፍሎበት ጦም የሚያድር መሬት! አያትሽ አንድ ጥማድ ለማትሞላ ቁራሽ ከጎረቤቱ ጋር ስምንት ዓመት ተካሷል። በዚያው ብስጭት ውሻውን "ይታያል" ብሎ ሰየመው። ማታ ማታ አጥሩ ጋ ቆሞ "ይታያል! ና፣ ይታያል!" እያለ ሲጣራ ያ ጎረቤት ቤቱ ውስጥ ሆኖ ይንጨረጨር ነበር። እኛ አገር ውሻ መልእክተኛም ነው።

የሰፈርንበት ቦታ ፎርት ፒር ናሽናል ግራስላንድ ይባላል። ከተማው ሲጻፍ ፒየር ነው፤ የአገሬው ሰው ግን ፒር ነው የሚለው። ከ116,000 ኤከር የማያንስ ሣር ነው። የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የደን መሥሪያ ቤት ሆኖ ሳለ ዛፍ ፈልገሽ አታገኚም። በ1930ዎቹ ድርቅና አቧራ ገበሬውን ከመሬቱ ሲነቅለው፣ መንግሥት የተራቆተውን መሬት ገዝቶ ሣር መለሰበት። ድርቅ ሰው ሲነቅል እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ከኋላው መጥቶ ሣር የዘራ ግን አላየሁም።

ውሃ የለ፣ ሽንት ቤት የለ። ነፋስ ብቻ። ድንኳን ስንተክል ነፋሱ ሁለቴ ከእጃችን ነጠቀን። አማትሽ ቋሊማ ሊጠብሱ ሲሉ ዓርብ መሆኑን ነገርኳቸው። ምንም አላሉም፣ መልሰው ከተቱት። በትንሿ የጋዝ ምድጃ ሽሮ ሠራሁላቸው፤ እንጀራ ይዤ ነበር። ቃሪያ ከነፍሬው በሉ። ደጋገሙ። ሰውዬው እንደዚያ ይበላሉ ብዬ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ነበር። ቡና አፈላሁ፣ ከዚያ ወጣን። አደኑ ነፋሱን በፊት ተቀብሎ መሄድ ነው፤ ውሻ የሚያየው በአፍንጫው ነውና። ሩቢ ከፊታችን ግራና ቀኝ እያጣጠፈች ትሮጣለች። ድንገት ገመድ የያዛት ይመስል ቀጥ አለች። ጅራቷ ቀጥ፣ አንድ የፊት እግሯ እጥፍ፣ ከአፍንጫዋ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እኔ የማየው ሣር ብቻ ነው። አማትሽ በቀስታ አለፏትና ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከእግራቸው ሥር ወፎቹ ቱር ብለው ተነሡ። እኔ "በስመ አብ!" ብዬ ቁጭ አልኩ። አንዷ ወደቀች።

ሻርፕቴይል ትባላለች። ቆቅ በያት። እግሯ ግን እስከ ጣቷ ድረስ ላባ ለብሷል፤ ካልሲ ያደረገች ቆቅ። አማትሽ ምን እየበላች እንደሆነ ለማየት አንገቷ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት በቢላ ከፈቱት። ውስጡ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? የፌንጣ እግርና ቀይ የቀጋ ፍሬ! እረኛ ሳለሁ ሆዴን ያታለልኩበት ያው ቀጋ ነው። አንዱን ፍሬ በመዳፌ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። "ታውቀዋለህ እንዴ?" አሉኝ። እኔም ልጅ ሆኜ በፈረስ ጭራ ወጥመድ ሠርቼ ቆቅ እይዝ እንደነበር ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ እንደ እንግዳ ማየት ተዉኝ። ሣሩን ሲያዩ "አንተ ብትሆን የት ትደበቃለህ?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

ፌዛንት ወደሚባለው ወፍ የሄድነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት መተኮስ በሕግ አይፈቀድም። በቀን ሦስት አውራ፣ አለቀ። ሴቷን መግደል ክልክል ነው፤ ሴት ከተነሣች አማትሽ ይጮሁና ጠመንጃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ ወፍ አገሩ ቻይና ነው፤ ሰው አምጥቶ ነው የለቀቀው። ደቡብ ዳኮታ እንዲታደን የፈቀደችው በ1919፣ የግዛቷ ወፍ ብላ የመረጠችው በ1943። በ24 ዓመት! እኔ ለወረቀት ስንት እንደተመላለስኩ አንቺ ምስክር ነሽ።

እዚህ ላይ የጋስ ተራ ሆነ። የወደቀውን ፈልጎ የሚያመጣው እሱ ነው። የመጀመሪያውን አውራ ከቦይ ውስጥ በአፉ ይዞ መጣ፤ ወፉ በሕይወት አለ፣ ክንፉ ብቻ ተሰብሯል። አንዲት ላባ አላጎደለበትም። አማትሽ አንገቱን ሊጠመዝዙ ሲሉ "ቆይ" አልኳቸው። ሞቶ የመጣ እንደማልበላ አስረዳሁ። ቢላቸውን አቀበሉኝ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ በስመ አብ ብዬ ባረክሁት። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። እንዲያወልቁ ማን እንደነገራቸው እንጃ።

እንዲህ በሕይወት ደርሰውልኝ የባረክኋቸው ሁለት ናቸው። ሌላውን እሳቸው ወሰዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቅዳሜ ማምሻውን ጋስ ከቁጥቋጦ ውስጥ እየጮኸ ወጣ። ጃርት አግኝቶ በአፉ ሊያመጣልን ሞክሯል መሰለኝ። አፍንጫውና ከንፈሩ እሾህ በእሾህ። እኔ ጃርት አውቃለሁ፤ ድንች ስንጠብቅባት ያደግን ነን። የዚህ አገሯ ግን ትንሽ ሆና ክፉ ናት። የእሾኋ ጫፍ ወደ ኋላ የሚይዝ ጥርስ አለው፤ ሥጋ ውስጥ ከገባ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድም። አማትሽ ፒንሳ አመጡ። "ራሱን ያዝልኝ" አሉኝ።

ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ የውሻ ራስ ይዤ አላውቅም። ይታያል ደጅ አድጎ ደጅ ነው የሞተው። ማንም እጁን አላሳረፈበትም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ የጋስን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩት። ይንቀጠቀጣል። አንድ በአንድ፣ ቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይስባሉ። 11 እሾህ። በእያንዳንዱ ይጮሃል፣ ግን አልነከሰኝም። ዓይን ዓይኔን ያያል። "አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ልጅ" እያልኩ ነበር። አማርኛ የሚሰማ ይመስል።

ሰባተኛው ላይ ይሁን ስምንተኛው፣ አማትሽ ቀና ሳይሉ "የልጆቹ ቡችላ ይሄ ባይደርስበት ነው የምመኘው" አሉ።

ዝም አልኩ። እሳቸውም አፋቸው እንዳመለጣቸው ገባቸው፤ ጆሯቸው ቀላ።

ስለዚህ አውቄአለሁ። በታኅሣሥ ቡችላ ልታመጡ ነው። ለሁሉም ነግረሽ ለእኔ ደብቀሻል። አልተቆጣሁም። ለምን እንደደበቅሽ አውቃለሁና።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት የውሻ መጽሐፍ ተውሰሽ፣ የምታበይውንና የምታጥቢበትን ቀን በወረቀት ጽፈሽ ፊቴ አስቀመጥሽ። እኔ ወረቀቱን ሳላየው "ውሻ ቤት አይገባም፣ ሃይማኖታችን አይፈቅድም" አልኩሽ። አላለቀስሽም። ወረቀቱን አጥፈሽ ይዘሽው ሄድሽ።

ሃይማኖቱ አልነበረም። እርግጥ ቤት ውስጥ ውሻ ማየት አልወድም፣ እንደዚያ ነው ያደግኩት። ግን ያን ቀን እንቢ ያሰኘኝ የኪራይ ቤቱ ውል ነው። ውሻ ላለው ተከራይ 300 ዶላር መያዣ፣ በየወሩ ደግሞ ጭማሪ ይላል። እኔ ያኔ ሌሊት ሌሊት የሰው መኪና አቆማለሁ፣ እናትሽ ሁለት ቦታ ትሠራለች። 300 ዶላር የለኝም ብሎ ለልጅ መንገር አቃተኝ። እግዜርን ማመካኘት ቀለለኝ። ይቅር በዪኝ።

ያን ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር። ኮዮቴ የሚባሉት የዚህ አገር ቀበሮዎች ከኮረብታው ወዲያ ያላዝናሉ። ጋስ ፊቱ እንዳበጠ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያየኛል። አማትሽ ያንኮራፋሉ። ዚፑን ከፈትኩለት። ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ አደረ። ይሸታል፣ እዋሽሻለሁ እንዴ? ግን ይሞቃል።

ወፎቹን ይዤ ስገባ እናትሽ ጉድ አፈላች። መጀመሪያ እሁድ ቅዳሴ መቅረቴን አነሣች፤ እሱ እስካሁን አላለቀም። ቀጥሎ "በውሻ አፍ የመጣ ነው?" አለች። አዎ ስላት ሦስት ሎሚና ግማሽ ኪሎ ጨው ጨረሰችበት። ከዚያ ደግሞ ከእግሩ ኋላ ያለውን እሾህ አይታ "ይሄማ የሐበሻ አውራ ዶሮ ነው" ብላ ተረጋጋች። 12 ብልት አወጣችለት፤ ደረቱ ነጭና ስብ የሌለው ነው፣ ቅቤ ይፈልጋል ብላለች። የጥይት ቅንጣት ሊኖር ስለሚችል ስትበይ ቀስ በዪ።

እሷ ጽጌን እየጾመች ስለሆነ አሁን አትሠራውም፤ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ከህዳር 6 በኋላ ኑ። ከ14 እንዳታልፉ፣ በማግስቱ ነቢያት ይገባል። ታንክስጊቪንግን እንደሆነ ዘንድሮም በሽሮ ነው የምናከብረው። አማትሽንም ጥሪያቸው፤ ቃሪያ እገዛላቸዋለሁ።

ቡችላውን ስታመጡ እኛም ጋ ይምጣ። ኩሽና ግን አይገባም፤ እናትሽን ማሳመን የምችለው እስከ ሳሎን ድረስ ነው። ስም ካላወጣችሁለት ደግሞ "ይታያል" የሚለው ስም ካለባለቤት ተቀምጧል።

አባትሽ